«መሬት ላራሹ» ሲባል ሴቷ የት ነበረች?

በየካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው አዲስ አበባ ላይ ሰልፍ ወጡ። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ደርግ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት የሚያደርገውን አዋጅ አወጀ። በሀገራችን የሶሻሊስት አስተሳሰብ ታሪክ ሲጠና በእነዚህ ሁለት ቀኖች መካከል ያሉት ተማሪዎች፣ ድርጅቶችና ክርክሮቻቸው በስፋት ይነሣሉ። አርሶ አደሯ ግን እምብዛም አትነሣም።

ሴቶች ከትግሉ አልራቁም። የሕክምና ተማሪዋ ማርታ መብራህቱ ኅዳር 29 ቀን 1965 ዓ.ም. በአውሮፕላን ጠለፋ ሙከራ ከእነ ዋለልኝ መኮንን ጋር ሕይወቷ አልፏል። ሕይወት ተፈራም የኢሕአፓን ዘመን ትዝታዋን በመጽሐፍ አኑራለች። የተጻፈው በአብዛኛው የተማረችው የከተማ ሴት ታሪክ ነው፤ መጻፍ የቻለችው እርሷ ነበረችና።

የገጠሯን ሴት ለማግኘት አዋጁን ራሱን ማንበብ ይጠቅማል። አንቀጽ 4 ጾታ ሳይለይ በግሉ ለማረስ ፈቃደኛ ለሆነ ሁሉ መሬት እንዲሰጥ ይደነግጋል። ቅጥር ጉልበት መጠቀምን ይከለክላል፤ ሌላ በቂ መተዳደሪያ የሌላትን ሴት ግን ከክልከላው ነፃ ያደርጋል። አርቃቂዎቹ ሴት በሬ ጠምዳ እንደማታርስ ያውቁ ነበር ማለት ነው። ልማዱን ለመለወጥ አልሞከሩም፤ መውጫ ቀዳዳ አበጁለት። በየቀበሌው ደግሞ በገበሬ ማኅበር መዝገብ የሚሰፍረው በአብዛኛው የአባወራው ስም ነበር። ሚስት በቤተሰብ ብዛት ትቆጠራለች፣ ድርሻዋም መሬቱን ያሰፋል፤ ትዳሩ ሲፈርስ ግን መሬቱ ስሙ ከተጻፈው ጋር ይቀራል።

ችግሩ ከአፈጻጸም ብቻ የመጣ አይመስልም። ኤንግልስ እ.ኤ.አ. በ1884 ባሳተመው መጽሐፍ የሴት ነፃነት መነሻ ከቤት ወጥታ በማኅበራዊ ምርት መሳተፏ እንደሆነ አስተምሯል። እ.ኤ.አ. በ1910 በኮፐንሃገን የሴቶች ቀን እንዲከበር ሐሳብ ያቀረቡት እነ ክላራ ዜትኪንም በዋናነት ያደራጁት የፋብሪካ ሠራተኛዋን ነው። የጎጃም ወይም የወሎ እማወራ ግን ከምርት ውጭ ሆና አታውቅም፤ ጉልጓሎውም፣ አረሙም፣ አጨዳውም በእጇ ያልፋል። የጎደላት የምርቷና የመሬቷ ባለቤትነት ነበር። ለዚህ ከውጭ የተቀዳው ትምህርት የተዘጋጀ መልስ አልነበረውም። በ1972 ዓ.ም. የተቋቋመው የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ሴቶች ማኅበርም ከላይ ወደ ታች የተዘረጋ መዋቅር ስለነበር፣ የአባላቱን ጥያቄ ወደ ላይ ከማድረስ ይልቅ የመንግሥትን መመሪያ ወደ ታች ማውረዱ ያመዝን ነበር።

በአማራ ክልል የባልና የሚስት ስም ከነፎቷቸው በአንድ የይዞታ ደብተር ላይ መስፈር የጀመረው ከ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ወዲህ ነው። ይህ ለውጥ የመጣው «መሬት ላራሹ» ከተባለ አርባ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ ሶሻሊዝምም ከሥልጣን ከወረደ በኋላ ነው። ደብተሩ ዛሬ በፍቺና በውርስ ክርክር ላይ ያለው ክብደት የሚገባው፣ ቀድሞ ያለ ደብተር የተለያዩት ሴቶች ምን እንዳጡ ሲታወቅ ነው።

ይህን የሚያውቁ ምስክሮች አሁንም አሉ። በ1967 ዓ.ም. የሃያ ዓመት ሙሽራ የነበረች ሴት ዛሬ ሰባ ዓመት አልፏታል። አጥኚዎች የድርጅቶችን በራሪ ወረቀት በሚያገላብጡበት ትጋት የገበሬ ማኅበራት ፍርድ ሸንጎዎችን መዛግብት ቢፈልጉ፣ በየመንደሩም እነዚህን እናቶች ቢጠይቁ፣ መሬት ለማግኘት ማን አመለከተች፣ ማን ተከለከለች፣ ማንስ ተከራክራ ረታች የሚለውን ከባለታሪኮቹ አንደበት መስማት ይችላሉ።