ጥፋት ሁሉ ማጭበርበር አይደለም

ዲላ ላይ የኳስ ክርክር ሲሞቅ «አጭበርብረው ነው ያሸነፉት» የምትለዋ ቃል አትጠፋም። ተከላካይ ማሊያ ጎትቶ መልሶ ማጥቃት ሲያቋርጥም አጭበረበረ ይባላል፤ አጥቂ ማንም ሳይነካው ሳጥን ውስጥ ሲወድቅም ያው ነው። ሁለቱ ግን አንድ ስም ሊሰጣቸው አይገባም።

የጌዴኦ ቡና አምራች ልዩነቱን ከማንም በላይ ያውቀዋል። ያልቀላ እሸት ለቅሞ የመጣ ገበሬ አጥፍቷል፤ ገዢው አይቶ ዋጋ ይቀንሳል ወይም ይመልሰዋል። አረንጓዴውን ከታች አድርጎ ቀዩን ከላይ የደረበው ግን የገዢውን ዓይን ነው ያታለለው። ኳስ ሜዳም ላይ ጥያቄው ይኸው ነው፤ ተጫዋቹ ጥፋቱን ዳኛው እያየው ፈጽሞ ቅጣቱን ተቀበለ ወይስ ዳኛውን አሳሳተ?

በ2002 ዓ.ም. የታዩ ሁለት እጆች ነገሩን ግልጽ ያደርጉታል። ኅዳር 9 ቀን ፈረንሳይ ከአየርላንድ ጋር ስትጫወት ቲየሪ ሄንሪ ኳሷን በእጁ አብርዶ ለዊሊያም ጋላስ አቀበለ፤ ጎሉ ጸደቀ፣ ፈረንሳይም ወደ ዓለም ዋንጫ አለፈች። ሄንሪ በእጁ መንካቱን ያመነው ጨዋታው ካለቀ በኋላ ነው። ፊፋም ለመቅጣት የሚያስችል የሕግ መሠረት የለም ብሎ ተወው።

ሰኔ 25 ቀን ደግሞ የኡራጓዩ ሉዊስ ሱዋሬዝ በጭማሪው ሰዓት ማብቂያ ላይ ወደ ጎል የምትገባውን የጋና ኳስ በእጁ መለሳት። ዳኛው አየ፤ ቀይ ካርድና ፍጹም ቅጣት ምት ሰጠ። አሳሞአ ጂያን የመታት ኳስ አግዳሚውን መትታ ወጣች፤ ጋናም በመለያ ምት ተሸንፋ ለግማሽ ፍጻሜ የደረሰች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት አገር የመሆን ዕድሏ አመለጣት። አፍሪካ ሙሉ ሱዋሬዝን አጭበርባሪ አለው። ንዴቱ ይገባል፣ ስሙ ግን ልክ አይደለም። ሱዋሬዝ ሕግ ጣሰ፣ ሕጉ ያስቀመጠውን ዋጋም እዚያው ከፈለ። ዋጋው ረከሰ የሚል ካለ መስተካከል ያለበት ሕጉ ነው። በራግቢ ለምሳሌ ጥፋቱ ባይኖር ነጥብ ይቆጠር እንደነበር ዳኛው ካመነ ነጥቡን ራሱ ይሰጣል።

የቅጣት ክብደትም መለኪያ እንደማይሆን የኛው ብሔራዊ ቡድን ምስክር ነው። ሰኔ 1 ቀን 2005 ዓ.ም. ዋልያዎቹ ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 ሲያሸንፉ ምንያህል ተሾመ ተሰለፈ፤ በሁለት ቢጫ ካርድ መቀጣቱን ያስተዋለ ግን አልነበረም። ፊፋ ውጤቱን 3 ለ 0 ለቦትስዋና ሰጠ፤ ሦስት ነጥብ ሄደ። ስሙ በአሰላለፉ ላይ በግልጽ የሰፈረ ነው፣ ፌዴሬሽኑም ስህተቱን አመነ። ዝርክርክነት ነው እንጂ ማታለል አይደለም። እንዲያም ሆኖ ቅጣቱ ሄንሪ ካገኘው እጅግ የከበደ ነበር። ቡድኑ የመጨረሻ ጨዋታውን አሸንፎ ምድቡን በ13 ነጥብ ባይመራ ኖሮ ለናይጄሪያው የመጨረሻ ማጣሪያ አይደርስም ነበር።

ይህ ሁሉ ለዲላ፣ ለይርጋጨፌና ለወናጎ ታዳጊ ምን ያደርግለታል? ብዙ። በወረዳና በዞን ውድድር ቪዲዮ ረዳት ዳኛ የለም፤ ያለው የአንድ ዳኛ ዓይን ነው። ፊፋ ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ላይ የተጫዋቾችን የእጅ አንጓ በኤም አር አይ ማስመርመር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው፤ ወረዳ ላይ ግን የሚታመነው ወረቀት ነው። የ20 ዓመት ወጣት በ17 ዓመት ወረቀት ሲሰለፍ ማሊያ አልተጎተተም፣ ካርድም አልተመዘዘም። ተጎጂው ግን ተጠባባቂ ወንበር ላይ የቀረው እውነተኛው የ17 ዓመት ልጅ ነው። ያቺ ዕድሜ ደግሞ ተመልሳ አትመጣም።

አሰልጣኝ ተከላካዩን «ካመለጠህ ያዘው፣ ቢጫውን ተቀበል» ሊለው ይችላል፤ ይህ ሁሉም የሚያየው የጨዋታ ሂሳብ ነው። «ሳትነካ ውደቅ»፣ «ዕድሜህን ቀንስ» የሚለው ግን ልጁን ውሸት ነው የሚያስተምረው። የመጀመሪያውን ዳኛው በፊሽካ ይመልሰዋል። ሁለተኛውን የሚያስቆመው አሰልጣኙ ራሱ ነው።