የጌሰርግዮ አዕማድና የሐይቅ ዳር ደለል

በሐዋሳ ከተማ ሐይቅ ዳር በሚባለው ክፍል ለጉባኤ የሚሰበሰቡ ሹማምንት፥ የቀኑ ሥራ ሲፈጸም ወደ ውሃው ዳር ወጥተው ነፋስ መቀበል ልማዳቸው ነው። ከጉባኤው በኋላ ጊዜ የተረፋቸውም ወደ ደቡብ ወርደው፥ ወላይታንና አርባ ምንጭን አልፈው፥ በኮንሶ ምድር ጌሰርግዮ በተባለው ስፍራ የቆሙትን የአፈር አዕማድ አይተው ይመለሳሉ። ያዩትን በፎቶግራፍ አንሥተው ለወዳጆቻቸው ያሳያሉ፤ መደነቃቸውም የተገባ ነው። ነገር ግን የሐይቁን ዳርና የአዕማዱን ስፍራ ሁለት የማይገናኙ የመናፈሻ ቦታዎች አድርጎ መቁጠር ስሕተት ነው። ምንም እንኳ የአንዱ አፈር ወደ ሌላው ባይደርስ፥ ሥራው አንድ ነው፤ በጌሰርግዮ የሚታየው አፈር የተነሣበት፥ በሐይቅ ዳር የሚታየው ደግሞ አፈር የሚያርፍበት ነው።

ጌሰርግዮ ከኮንሶ ዋና ከተማ ከካራት ብዙ የማይርቅ መንደር ነው። ከመንደሩ ጫፍ ቆሞ ወደ ታች ለሚመለከት ሰው ምድሩ በድንገት ተቈርጦ ይወርዳል፤ ከገደሉም ውስጥ ወደ ቀይነት የሚያደላ የአሸዋና የአፈር ዓምድ፥ አንዱ በአንዱ አጠገብ፥ አንዱ ረዝሞ አንዱ አጥሮ፥ ጫፉ ሾሎ ቆሞ ይታያል። ጎብኚዎች በአሜሪካ ካሉት ሰማይ ጠቀስ ፎቆች ጋራ አመሳስለው ቦታውን ኒውዮርክ ብለውታል። ይህ ስም ለማስታወቂያ ይመች ይሆናል እንጂ ለነገሩ የሚስማማ አይደለም። የኒውዮርክ ሕንጻ ፎቅ በፎቅ ላይ እየተጨመረ ወደ ላይ የወጣ ሲሆን፥ የጌሰርግዮ ዓምድ ግን በዙሪያው ያለው ሁሉ እየተቀነሰ ብቻውን የቀረ ነው።

የአገሩ ሰዎች ከአባቶቻቸው የሰሙትን ሲናገሩ፥ በጥንት ጊዜ የአንድ ባላባት የተከበረ ከበሮ ተሰርቆ በዚያ ምድር ተቀበረ፤ ባላባቱም ወደ ፈጣሪ በጮኸ ጊዜ አፈሩ ተዝቆ ከበሮው ተገኘ፤ የተዛቀው ስፍራ ግን እንደዚያው ሆኖ ቀረ ይላሉ። ይህን ተረት ነው ብሎ ስቆ የሚያልፈው የተማረ ሰው ብዙ ነው። ሆኖም ነገሩን መጀመሪያ የተናገረው ሽማግሌ በዋናው ነገር አልተሳሳተም። ያ ስፍራ የተገነባ ሳይሆን የተዛቀ መሆኑን በዓይኑ አይቶ ዐውቆታል።

ዛቂው ውሃ ነው። የዝናብ ነጠብጣብ ሣርና ቅጠል በሌለበት ባዶ አፈር ላይ በወደቀ ጊዜ ቅንጣቱን ፈንጥቆ ከቦታው ያነሣዋል። ብዙው ነጠብጣብ ተባብሮ መፍሰስ ሲጀምር የተነሣውን ቅንጣት ተሸክሞ ይሄዳል፤ መጀመሪያ የጣት ያህል የሆነች ቦይ ያወጣል፥ ቦዩም በየክረምቱ እየጠለቀ ቦረቦር ይሆናል። የምድሩ ንጣፍ ሁሉ እኩል ጥንካሬ ስለሌለው ውሃው የላላውን አስቀድሞ ይበላል፤ የጠነከረውን፥ ወይም በላዩ ድንጋይና ጠጠር የተጫነበትን፥ ትቶት ያልፋል። ድንጋዩ እንደ ጃንጥላ ሆኖ ከሥሩ ያለውን አፈር ከዝናብ ይጋርደዋልና በዙሪያው ያለው ሲወርድ እርሱ ቆሞ ይቀራል። ክዳኑ የወደቀ ዕለት ግን ዓምዱም ብዙ አይቈይም። እንግዲህ በዚህ ዓይነት ስፍራ ከሁሉ የረዘሙት አዕማድ ጫፍ የት እንዳለ የሚያስተውል ሰው፥ የጥንቱ ሜዳ እስከምን ድረስ ከፍ ብሎ እንደ ነበረ ሊገምት ይችላል። በዓምድና በዓምድ መካከል ያለው ባዶ ቦታ ሁሉ ቀድሞ ምድር ነበረ።

ተመሳሳይ ሥራ በሌላውም ዓለም ይገኛል። በዛሬዪቱ ቱርክ ውስጥ ያለችው ቀጰዶቅያ፥ ስማቸው በቅዳሴያችን መጻሕፍት የሚጠራው የባስልዮስና የጎርጎርዮስ አገር፥ ከእሳተ ገሞራ አመድ የረጋው ለስላሳ ድንጋይ በዝናብና በነፋስ ተሸርሽሮ፥ በራሱ ላይ ጥቁር ድንጋይ እንደ ቆብ የደፋ ብዙ ሺህ ዓምድ የቆመባት ናት። ክርስቲያኖች ዓምዱን ፈልፍለው ቤተ ክርስቲያንና የመነኮሳት በዓት አድርገውበታል፤ የጎሬሜ ሸለቆም በአውሮፓ አቆጣጠር በ1985 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በእኛም አገር በትግራይ የገርዓልታ የአሸዋ ድንጋይ ግንቦች በውሃና በነፋስ ተቀርጸው የቀሩ ናቸው፤ ከነዚሁ በአንዱ ወገብ ላይ የአቡነ የማታ ጉሕ ቤተ ክርስቲያን ተፈልፍሎ ይገኛል። ወደዚያ የወጣ ካህን እግሩ የረገጠውን ጠባብ መንገድ እንጂ ያ ግንብ ለብቻው እንዴት ቆሞ እንደ ቀረ ምናልባት አላሰበ ይሆናል። ቀጰዶቅያና ገርዓልታ ግን ድንጋይ ስለ ሆኑ ጥፋታቸው ዝግ ያለ ነው። የጌሰርግዮው አፈር ነው፤ አፈር ደግሞ የሰው እንጀራ ነው።

መሸርሸር ሁልጊዜ ክፉ ብቻ ያመጣል ማለት አይደለም። በዚያው በኮንሶ ምድር ውሃ የገለጠው ንጣፍ ውስጥ፥ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1991 ዓ.ም. ጀምሮ ኢትዮጵያውያንና የውጭ አገር ሊቃውንት ባደረጉት ምርመራ፥ 1.75 ሚሊዮን ዓመት ያህል የሆነው በእጅ የተጠረበ የድንጋይ መሣሪያ ተገኝቷል። ጎርፍ ምድሩን ባይቈርጠው ይህ ሁሉ ተቀብሮ በቀረ ነበር። ይሁን እንጂ የጥንት ሰው መሣሪያ የሚወጣበት ገደል ለዛሬ ሰው ማሽላ አያበቅልም።

ይህንንም ከኮንሶ ሰው ይልቅ የሚያውቅ የለም። ከዐዕማዱ ስፍራ ዘወር ብሎ ኮረብታውን ለሚመለከት መንገደኛ፥ ከግርጌ እስከ ራስ ድረስ ያለ ጭቃ በድንጋይ የተካበ እርከን ይታየዋል፤ ግንቡ በአንዳንድ ስፍራ ከሰው ቁመት ይበልጣል። እርከኑ አፈሩን ይይዛል፥ የዝናቡን ውሃ ያስቀራል፥ የተረፈውን ደግሞ በልክ ያሳልፋል። ይህ ሥራ ከ400 ዓመት በላይ፥ በ21 ትውልድ፥ ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈ ስለ ሆነ፥ የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት የኮንሶን መልክዐ ምድር በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ሊስተዋል የሚገባው ግን የምዝገባው ክብር አይደለም። ያው አፈርና ያው ዝናብ በአንድ ወገን ገደል ሲሠራ፥ ጥቂት ዘወር ሲባል እህል ያበቅላል። ልዩነቱ ድንጋይ አንሥቶ የሚክብ እጅ መኖሩና አለመኖሩ ነው። ግንቡም አንድ ጊዜ ተክቦ የሚተው አይደለም፤ ዝናብ ያፈረሰውን ባለ ማሳው መልሶ ይክበዋል፥ ጎረቤቱም ይረዳዋል።

በአገሪቱ ደጋ ሁሉ ነገሩ እንዲህ ቢሆን ኖሮ ጭንቀት ባልነበረ። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1986 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት ከኢትዮጵያ ደጋ በየዓመቱ 1.9 ቢሊዮን ቶን አፈር ከቦታው እንደሚነሣ ገመተ። ሌላ ጥናት ደግሞ ከታረሰ ምድር ብቻ በየዓመቱ በአማካይ ከአንድ ሄክታር 42 ቶን እንደሚወርድ አስልቷል። ይህ በውፍረት ሲለካ አራት ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ለዓይን አይታይም። በሃምሳ ዓመት ግን አንድ ስንዝር ይሆናል፤ በብዙ ተራራማ ማሳ ከአንድ ስንዝር በታች ያለው ደግሞ ጭንጫ ነው። ገበሬው ምርቱ ሲያንስ ዝናቡን ይከሳል፤ የሄደው ግን አፈሩ ነው።

አሁን ወደ ሐይቅ ዳር እንመለስ ቢባል፥ የሐዋሳ ሐይቅ 90 ካሬ ኪሎሜትር ያህል ስፋት፥ ከ20 ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ጥልቀት ያለው ነው። ዓመቱን ሙሉ የማይደርቅ ወንዝ አንድ ብቻ፥ ጥቁር ውሃ፥ ይገባበታል፤ በላይ በኩል የሚወጣለት ወንዝ ግን የለውም። ስለዚህ ጎርፍ ያመጣው ደለል ሁሉ ገብቶ ይቀራል እንጂ መሄጃ የለውም። በስተምሥራቅ ያለው ጨለለቃ ቀድሞ ራሱን የቻለ ትንሽ ሐይቅ ነበረ፤ የወንዶ ገነት ተራሮች ደን እየተመነጠረ ሲሄድ፥ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ደለል ሞልቶት ረግረግ ሆነ። የሐዋሳን ተፋሰስ በሚያካትተው የስምጥ ሸለቆ ደቡባዊ መካከል የተደረገ ጥናት፥ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1972 ዓ.ም. ከመቶ 16 የነበረው ደን በ2000 ዓ.ም. ከመቶ 2.8 ብቻ እንደ ቀረ አሳይቷል። ጨለለቃ እስካሁን ለትልቁ ሐይቅ እንደ ወንፊት ሆኖ አገልግሏል፤ ወንፊቱ ሲሞላ ግን የሚያልፈው ወደ ሐዋሳ ነው። ቆሮሶ የሚራባው ጥልቀት በሌለው የዳር ውሃ ስለ ሆነ፥ ጉዳቱ አስቀድሞ የሚሰማው በአሞራ ገደል ዓሣ በሚሸጠው ድኻ ቤት ይሆናል።

የአስተዳደሩ ነገር ደግሞ ሥራውን ያከብደዋል። የሐይቁ ተፋሰስ በሲዳማና በኦሮሚያ ክልሎች የተከፈለ ነው። ኮንሶም እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ ጉዳዩ በሐዋሳ ይታይ የነበረ ሲሆን፥ ከዚያ ወዲህ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል አካል ሆኗል። መዝገቡ ከቢሮ ወደ ቢሮ ሊዛወር ይችላል፤ ጎርፍ ግን ወሰን ጠይቆ አይወርድም። የላይኛው ወረዳ ያልሠራውን እርከን የታችኛው ወረዳ በሐይቅ ዳር በሚሠራ ግንብ ሊተካው አይችልም። በሁለቱ ክልሎች ያሉ ሹማምንት የጥቁር ውሃን ተፋሰስ በአንድ ጉባኤና በአንድ መዝገብ ቢይዙት፥ ለየብቻ ከሚያወጡት ገንዘብ ይልቅ ይጠቅማል።

ከጥር እስከ መጋቢት በየቀበሌው ሕዝብ ወጥቶ እርከን እንደሚሠራ የታወቀ ነው፤ ድካሙም ሊናቅ አይገባም። ነገር ግን የተሠራው በኪሎሜትር ተቈጥሮ ወደ በላይ ሲላክ፥ ባለፈው ዓመት ከተሠራው ምን ያህሉ ቆሞ እንደ ተገኘ የሚጽፍ ሰው ጥቂት ነው። የፈረሰውን ከአዲሱ ጋራ ደምሮ መቊጠር ለሪፖርቱ እንጂ ለምድሩ አይረዳም። ስለዚህ የወረዳ ሹም ሁሉ ሪፖርቱን ከማሰናዳቱ በፊት የዛሬ ዓመት የሠራውን እርከን በእግሩ ሄዶ ቢመለከት፥ የፈረሰውንም ከአዲሱ አስቀድሞ ቢያስጠግን፥ የኮንሶ ገበሬ ሳይታዘዝ በየዓመቱ የሚያደርገውን አደረገ ማለት ነው።

ካህናትም በዚህ ነገር ድርሻቸው ትልቅ ነው። በሰሜን አገር ምድሩ በተራቆተበት ሁሉ ጥንታዊ ዛፍ የቀረው በአብዛኛው በቤተ ክርስቲያን ዐጸድ ውስጥ ነው፤ ይህንም ያቆየው ጠባቂ ዘበኛ ሳይሆን የሕዝቡ ፍርሃተ እግዚአብሔርና የካህናቱ ቃል ነው። ያ ቃል ከዐጸዱ ቅጥር ውጭ ወዳለው ተዳፋት ቢሻገር፥ ከብዙ መመሪያ ይልቅ ይሰማል።

ስለ ጌሰርግዮ አዕማድ ራሳቸው የቀረው ጉዳይ ትንሽ ነው። ዝናብ መሥራቱንም ማፍረሱንም የሚከለክለው የለም፤ ሰው ግን በእግሩ የሚያፈርሰውን ሊተው ይችላል። ጎብኚው በጠርዙ ላይ እየሄደ ወደ ሸንተረሩ እንዳይወርድ መንገዱ በድንጋይ ቢለይ፥ አሸዋውም ለግንብ ሥራ እንዳይዛቅ ቢከለከል፥ ለዚህ የሚሆን ባለሙያ ከሩቅ ማስመጣት አያስፈልግም፤ ድንጋይ መካብ የሚያውቁት የመንደሩ ሰዎች ከገደሉ አፋፍ ላይ ይኖራሉ።