ሁለቱ የሚላኖ ዓምዶች

የሰው ልብ በክፉ ቀን ይገለጣል። በኢጣልያ አገር፥ በሚላኖ ከተማ ስለ ቸነፈር የቆሙት ሁለት ዓምዶች ይህን ያስረዳሉና ታሪካቸውን ለክቡራን አንባቢዎቻችን በአጭሩ እንነግራለን። ዓመቶቹ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

በ1576 ዓመት ቸነፈር ከተማይቱን በያዛት ጊዜ አገረ ገዢውና ብዙዎች መኳንንት ሸሹ። ሊቀ ጳጳሱ ካርሎ ቦሮሜዎ ግን ከሕዝቡ ጋራ ቀሩ። ሰው ሁሉ ከቤቱ እንዳይወጣ በታዘዘም ጊዜ በየመስቀልኛው መንገድ መሠዊያ አስቁመው ቅዳሴ አስቀደሱ፤ ሕዝቡም በየመስኮቱ ሆኖ ያስቀድስ ነበር። በሽታው ካለፈ በኋላ በነዚያ ስፍራዎች መስቀል የተሸከሙ ዓምዶች ተተከሉ። በቬርዚዬሬ በስእለት የቆመው፥ በራሱ ላይ የመድኃኔ ዓለም ምስል ያለበት ዓምድ ዛሬም ይታያል።

በ1630 ዓመት ቸነፈሩ ተመለሰ። በዚህ ጊዜ ግን ፍርሃት ፍርድን አሸነፈ። ካተሪና ሮዛ የምትባል ሴት በመስኮት ስትመለከት፥ ጉልዬልሞ ፒያትሳ የተባለው የጤና ሹም በወረቀት ላይ የሚጽፍ መስሎ ሲሄድና እጁን በግድግዳ ሲያብስ አየች፤ መርዝ የሚቀባ ነው ብላም አወራች። ጸሐፊ ሁሉ እንደሚያደርገው ቀለም የነካው ጣቱን ጠርጎ ይሆናል ብሎ የመረመረ ዳኛ አልተገኘም። ፒያትሳ ሥቃዩ ቢጸናበት፥ ምሕረትም ተስፋ ቢሰጡት፥ ጃን ጃኮሞ ሞራ የሚባለውን ጠጕር ቈራጭ ጠቈመ። ሞራም በሥቃይ ብዛት ያላደረገውን አደረግሁ አለ። ሁለቱም በጭካኔ ተገደሉ፤ የሞራ ቤት ፈርሶ በቦታው «የነውር ዓምድ» የተባለው ቆመ።

ይህ ዓምድ የሟቾቹን ነውር እንዲመሰክር ተተከለ፤ ዘመን ሲያልፍ ግን የዳኞቹን ነውር መሰከረ። በ1778 ዓመትም ፈረሰ። በ1894 ዓመት ሐኪሙ አሌክሳንድር ዬርሳን በሆንግ ኮንግ የቸነፈሩን ተሐዋሲ አገኘ፤ ከአይጥ ወደ ሰው የምታሻግረውም ቍንጫ መሆንዋ ከጥቂት ዓመት በኋላ ታወቀ። የግድግዳ ቅባት ማንንም አልገደለም።

እንግዲህ በአንዱ ዘመን የጸሎት ስፍራ የሆነው መስኮት፥ በሌላው ዘመን የሐሰት ምስክር ስፍራ ሆነ። በሽታ ወደ መንደራችን በገባ ጊዜ፥ ያመጣብን እገሌ ነው የሚለውን ቃል ልጆቻችን ከአፋችን አይስሙ። ፈራጅ የሆነም ሰው፥ በሥቃይ የወጣ ቃል እውነትን ሳይሆን ሕመምን ብቻ እንደሚናገር ያስብ።