ስምን መልአክ ያወጣዋል፤ ቁጥሩንስ ማን ያውጣው?

ስምን መልአክ ያወጣዋል ሲሉ አባቶቻችን የተናገሩት፥ ስም እንዲያው የሚለጠፍ ነገር አለመሆኑን ለማስረዳት ነው። እኛ በአቃቂ ቃሊቲ የምንማር ተማሪዎች ግን ለምንሠራው የኮምፒዩተር ፕሮግራም ስም ስናወጣ፥ መልአክ ቀርቶ እኛ ራሳችንም ያሰብንበት አንመስልም። ይህን ለማለት ያስደፈረን ባለፈው ዓመት በራሳችን ላይ የደረሰው ነገር ነው።

ከእኛ በፊት የተመረቁ ተማሪዎች የመጻሕፍት ማዋሻ መመዝገቢያ ፕሮግራም ሠርተው ነበር። ሥራው መልካም ስለ ነበረ የመመረቂያ ሥራችንን በእርሱ ላይ እንድንቀጥል ተፈቀደልን። የተሰጠንን ፍላሽ ስንከፍት አራት ፎልደር አገኘን፤ አንደኛው «አዲስ»፥ ሁለተኛው «የመጨረሻ»፥ ሦስተኛው «የመጨረሻ 2»፥ አራተኛው «ትክክለኛው የመጨረሻ» ይላል። ማንም ሰው እንደሚያደርገው አራተኛውን መረጥን። ሦስት ሳምንት ከደከምንበት በኋላ ከሠሪዎቹ አንዱን በስልክ ብናገኘው፥ ለአማካሪው የቀረበውና በደኅና የሚሠራው «አዲስ» የተባለው እንደ ሆነ፥ የቀሩት ግን ከዚያ በፊት ተጀምረው የተተዉ ሙከራዎች እንደ ሆኑ ነገረን። በጣም ተናደድን። ነገር ግን የራሳችንን ፍላሽ ከፍተን ብናይ ቁጣችን ወደ ኀፍረት ተለወጠ፤ የእኛም እንደዚያው ነበርና።

ከአቃቂ ወደ ቃሊቲ የሚሄድ ሰው የመኪና መለዋወጫ የሚሸጡ ሱቆችን አያጣም። ለሚኒባሱ ዕቃ የፈለገ ሾፌር ገብቶ «የዶልፊን ነው» ወይም «የአባዱላ ነው» ቢል ባለሱቁ ወዲያው ይገባዋል፤ ዕቃውን ከመደርደሪያው ከማውረዱ በፊት ግን ሞዴሉን፥ አንዳንዴም የሻንሲውን ቁጥር ይጠይቃል። ቅጽል ስሙ ለመነጋገሪያ፥ ቁጥሩ ለሥራ ነው። ቁጥሩ የተሳሳተ እንደ ሆነ ዕቃው ከውጭ ሲያዩት ልክ መስሎ ከሞተሩ ላይ አልገጥም ይላል። ባለሱቁ ይህን ሥርዓት ከዩኒቨርሲቲ አልተማረውም፤ የተሸጠ ዕቃ እየተመለሰበት በኪሳራ ተማረው እንጂ። እኛ ግን በነጻ ልንማረው ስንችል እንቢ ብለናል።

በኮምፒዩተር ዓለም ይህንኑ ሥርዓት አስበው ያቆሙ ሰዎች አሉ። ከእነርሱም መካከል እ.ኤ.አ. በ1993 ኢያን መርዶክ የመሠረተውን ደቢያን የተባለውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚያዘጋጁት ፈቃደኞች ይገኛሉ። ብዙዎቻችን በላፕቶፓችን ላይ የምንጭነው ኡቡንቱም ከደቢያን የተቀዳ ነው። በእነዚህ ሲስተሞች ፕሮግራም ብቻውን አይጓዝም፤ ፕሮግራሙ፥ መግለጫው፥ እንዲሁም ለመሥራት የሚያስፈልጉት የሌሎች ፕሮግራሞች ዝርዝር ባንድነት ታስረው ፓኬጅ ይሆናሉ። የፓኬጁም ፋይል ስም ሦስት ክፍል አለው፤ በመጀመሪያ የራሱ ስም፥ ቀጥሎ ቨርዥን የምንለው የዕትሙ ቁጥር፥ በመጨረሻም የሚሠራበት የማሽን ዓይነት። ይህም የአገራችን ሰው ስሙን ከነአባቱና ከነአያቱ እንደሚጠራው ያለ ነው። በክፍላችን ውስጥ ሁለት አበበ ቢኖሩ በአባታቸው ስም እንለያቸዋለን። ቁጥር የሌለው ፓኬጅም የአባቱ ስም እንዳልተጻፈ አበበ ነው፤ ሲጠራ ሁለቱም አቤት ይላሉ።

ስሙን በሚመለከት የደቢያን ሕግ አጭር ነው። ትናንሾቹ የላቲን ፊደላት፥ አኃዞች፥ የመደመር ምልክት፥ ሰረዝና ነጥብ ብቻ ይፈቀዳሉ፤ ስሙም ቢያንስ ሁለት ምልክት ሊኖረውና በፊደል ወይም በአኃዝ ሊጀምር ይገባል። ለአገራችን ፊደል የተሠራውን አቢሲኒካ የተባለውን ፎንት ለምሳሌ እንውሰድ። የዚህ ፎንት ፓኬጅ ቀድሞ ስሙ «ቲቲኤፍ» ብሎ ይጀምር ነበር፤ ይህም የፋይሉን ዓይነት ብቻ የሚናገር ነው። በኋላ ግን የፎንት ፓኬጆች ሁሉ ባንድ ሥርዓት እንዲጠሩ ሲወሰን «ፎንትስ-ሲል-አቢሲኒካ» ተባለ፤ ይኸውም በመጀመሪያ ምንነቱን፥ ቀጥሎ ያዘጋጀውን ድርጅት፥ በመጨረሻ መጠሪያውን በተራ ያስታውቃል። የቀድሞውን ስም ብቻ የሚያውቅ ተጠቃሚ እንዳይጠፋም በአሮጌው ስም ወደ አዲሱ የሚመራ ባዶ ፓኬጅ ተትቶለት ነበር። ቤት የቀየረ ጨዋ ሰው አዲሱን ሰፈሩን ለጎረቤት ነግሮ እንደሚሄድ ማለት ነው።

ቁጥሩ ደግሞ ከስሙ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አንደኛ፥ የዕትም ቁጥር የሒሳብ አሥርዮሽ አይደለም። በሒሳብ 1.9 ከ1.10 ይበልጣል፤ በዕትም ግን 1.10 ከ1.9 በኋላ የመጣ ነው፤ ከነጥቡ ግራና ቀኝ ያሉት ለየራሳቸው ይቆጠራሉና። ሁለተኛ፥ ብዙ ሠሪዎች የሚከተሉት ባለ ሦስት ክፍል ቁጥር ትርጉም አለው። የመጨረሻው ሲጨምር ስሕተት ታረመ ማለት ነው፤ የመካከለኛው ሲጨምር አዲስ ነገር ታከለ፥ የነበረው ግን አልተነካም ማለት ነው፤ የመጀመሪያው ሲጨምር «ተጠንቀቁ፥ በቀድሞው ላይ የሠራችሁት ከዚህኛው ጋር ላይገጥም ይችላል» ማለት ነው። ሦስተኛ፥ ገና በሙከራ ላይ ላለው ደቢያን የሞገድ ምልክት ይጠቀማል፤ 2.0~1 የተባለው ከ2.0 በፊት ይሰለፋል። «ገና ነው፥ አልጨረስንም» ለማለት አንዲት ምልክት ትበቃለች።

ከዚህ የምንረዳው ቁጥር ጌጥ ሳይሆን ቃል ኪዳን መሆኑን ነው። ኡቡንቱ 22.04 ሲወጣ ሊብኤስኤስኤል1.1 የተባለው ፓኬጅ ቀርቶ ሊብኤስኤስኤል3 ተተካ። በቀድሞው ላይ የተሠሩ ፕሮግራሞች ከአዲሱ ጋር አይስማሙም ነበር፤ ነገር ግን ቁጥሩ ከስሙ ጋር ተጣብቆ ስለ ተጻፈ፥ የጎደለው ምን እንደ ሆነ ማንም ሰው ከስሕተት ማስታወቂያው ላይ ሊያነበው ቻለ። ስሙ ሳይለወጥ ውስጡ ብቻ ተለውጦ ቢሆን ኖሮ ነገሩ እንደ እኛ ፍላሽ በሆነ ነበር።

የደቢያን ሰዎች ይህን ቃል ኪዳን እንዴት እንደሚያከብሩ ሁለት ታሪክ እንጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ1995 መጨረሻ አንድ የሲዲ አከፋፋይ፥ ገና በመሠራት ላይ የነበረውን ደቢያን በስሕተት 1.0 ብሎ አሰራጨው። አዘጋጆቹ እውነተኛውን 1.0 ቢያወጡ ሰው ከዚያኛው ጋር እንዳያደባልቀው አስበው ቁጥሩን ጨርሰው ተዉት፤ በ1996 የወጣውንም 1.1 አሉት። ከዚያም ወዲህ በዝግጅት ላይ ያለው ዕትም በቅጽል ስም እንዲጠራ ሆነ፤ ቅጽል ስሞቹም «ቶይ ስቶሪ» ከተባለው ፊልም የተወሰዱ ናቸው። ቅጽል ስም ለመነጋገሪያ፥ ቁጥር ለሥራ ያልነው ይህ ነው።

ሁለተኛው ታሪክ የቅርብ ነው። መጋቢት 20 ቀን 2016 ዓ.ም. አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ ፕሮግራም ሠሪ፥ ፋይልን አጥብቆ ለማሳነስ የሚያገለግለው ኤክስዜድ የተባለው ፓኬጅ በ5.6.0 እና በ5.6.1 ዕትሞቹ ውስጥ የተሸሸገ የሌባ በር እንዳለበት ለዓለም አስታወቀ። ለዚህ ያበቃውም ከሩቅ ወደ ኮምፒዩተሩ ሲገባ የግማሽ ሴኮንድ ያህል መዘግየት አስተውሎ ነገሩን መመርመሩ ነው። ወሬው እንደ ተሰማ የሁሉም ጥያቄ አንድ ሆነ፤ «የእናንተ ቁጥር ስንት ነው?» ቁጥሩን ያወቀ በአንድ ደቂቃ ውስጥ አደጋ ላይ መሆኑንና አለመሆኑን ለየ። ደቢያን ወደ ቀድሞው 5.4.5 መመለስ ነበረበት፤ ነገር ግን ማሽን ወደ ታች የወረደን ቁጥር እንደ አዲስ አድርጎ አይቀበልም። ስለዚህ ዕትሙን «5.6.1+ሪሊ5.4.5» ብለው ሰየሙት። «ሪሊ» በእንግሊዝኛ «በእውነቱ» ማለት ነው። ቁጥሩ ወደ ፊት እንደ ሄደ፥ ውስጡ ግን በእውነቱ የቀድሞው እንደ ሆነ ለሁሉም ተናገሩ። በጭንቅ ቀን እንኳ የማይዋሽ ቁጥር ይህን ይመስላል።

በእኛ አገር ደግሞ የሚጨመር አንድ ጣጣ አለ፤ እርሱም የዘመን አቆጣጠር ነው። ኡቡንቱ ዕትሙን የሚቆጥረው በዓመትና በወር ነው። የመጀመሪያው 4.10 እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2004፥ 24.04 ደግሞ በኤፕሪል 2024 የወጡ ናቸው። ይህ ሁለተኛው በእኛ ሚያዝያ 2016 ስለ ሆነ፥ በዚያው ልማድ ብንቆጥረው 16.08 ይሆን ነበር። እንግዲህ አንዱ ተማሪ ሥራውን በአውሮጳ አቆጣጠር 24.04 ብሎ ቢያወጣው፥ ተተኪው ደግሞ በዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር 17.08 ቢለው፥ ማሽኑ 24 ከ17 ይበልጣል ብሎ አዲሱን አሮጌ ያደርገዋል፤ የታረመውም ሥራ ለተጠቃሚው ሳይደርስ ይቀራል። ደቢያን ለዚህ መድኀኒት አለው፤ በቁጥሩ ፊት «1:» ተጨምሮ 1:17.08 ቢባል የቁጥሩ ዘመን እንደ ተለወጠ ማሽኑ ይረዳል። ይሁን እንጂ መድኀኒት አለ ተብሎ በሽታ አይጠራም። በራሳችን አቆጣጠር መቁጠርን አንቃወምም፤ እንዲያውም ጳጉሜን 13 ሆና በዕትም ቁጥር ውስጥ ብናያት ደስ ይለናል። የምንለው፥ አንዱን ምረጡ፥ የመረጣችሁትን ጻፉ፥ ከዚያ ወዲያ አትለውጡ ነው።

ይህ ሁሉ የጽሕፈት ቤት ሥራ ነው፥ ዋናው ፕሮግራሙ መሥራቱ ነው የሚሉ ወንድሞችና እኅቶች እንዳሉ እናውቃለን። እርግጥ ነው፥ የማይሠራ ፕሮግራም መልካም ስም ቢሰጠው አይጠቅምም። ነገር ግን ከአራቱ ቅጂዎች የትኛው እንደሚሠራ ካልታወቀ፥ የሚሠራውም ከማይሠራው ጋር ተቆጥሮ ይጣላል። የእኛን ሦስት ሳምንት የበላው የፕሮግራም ጉድለት አልነበረም።

ሌሎች ደግሞ፥ ለአማርኛ የተሠራ ፓኬጅ ስሙ በላቲን መጻፉ ያሳፍራል ይላሉ። ቅር መሰኘታቸውን እኛም እንጋራለን። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ስለ ገባ፥ መግለጫውንና መመሪያውን በገዛ ፊደላችን ለመጻፍ የሚከለክለን የለም፤ ይህን ሳናደርግ ስለ ስሙ ብቻ ብናዝን ግን እውነተኛ ኀዘን አይሆንም። ከላቲኑ የሚብሰው ሁላችንም በየፊናችን በተለያየ ላቲን መጻፋችን ነው። «ግዕዝ» የሚለውን አንዱ ቃል እንኳ አንዱ በአንድ «ኢ»፥ ሌላው በሁለት፥ ሦስተኛው በመካከሉ ጭረት ጨምሮ ይጽፈዋል። ፈላጊው በአንዱ ፈልጎ ሲያጣ «የለም» ብሎ ከባዶ ይጀምራል። ፊደላችንን በላቲን ለመጻፍ የወጣው ሴራ የተባለው ሥርዓት «ተ»ን በትንሹ፥ «ጠ»ን በትልቁ የላቲን «ቲ» ይለያል፤ የፓኬጅ ስም ግን ትልቅ ፊደል ስለማይቀበል «ጣና» እና «ታና» አንድ ይሆናሉ። ስለዚህ ሌላ የጽሕፈት ስምምነት ማድረጉ የእኛው ፋንታ ነው፤ ሌላ አገር ሆኖ ይህን የሚጨነቅልን የለም።

እንግዲህ የተማሪዎች ማኅበራችን ከትምህርት ክፍሎች ጋር ተመካክሮ አንድ ገጽ ብቻ የሆነ ደንብ እንዲያወጣ እናሳስባለን። በደንቡም ለአንድ ሥራ አንድ ስም ይሰጥ፤ የአገራችን ቃላት በላቲን የሚጻፉበት አንድ ሥርዓት ይኑር፤ አንድ ጊዜ የወጣ ቁጥር ለሌላ ቅጂ አይሰጥ፤ በቀን የሚቆጥር አቆጣጠሩን ያስታውቅ፤ ከእያንዳንዱ ዕትም ጋር ምን እንደ ተለወጠ በአማርኛ የሚናገር አጭር ጽሑፍ ይያያዝ። «አዲስ» እና «የመጨረሻ» የሚሉት ቃላት ከቅጂ ስም ላይ ፈጽመው ይነሡ።

ይህ ሲሆን የምናተርፈው ንጽሕና ብቻ አይደለም። የአማርኛ ፊደል ማረሚያ፥ የዘመን መቁጠሪያ፥ የአፋን ኦሮሞና የትግርኛ መዝገበ ቃላት፥ ተማሪዎች በትጋት የሚጀምሩአቸው ሥራዎች ናቸው፤ ሠሪዎቹ ሲመረቁ ግን ተተኪው የትኛው ቅጂ እውነተኛ እንደ ሆነ ስለማያውቅ ሥራው እንደገና ከባዶ ይጀመራል። አራት ዓመትና አምስት ዓመት እየቆየን የምንሄድ ሰዎች ነን፤ የምንተወው ሥራ ግን ከእኛ በኋላ የሚቆይበት ምልክት ያስፈልገዋል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ የእኛስ ቢያንስ ከምረቃ በላይ ይዋል።