ከሎጎው ሥር ያለው ፊርማ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የዜና ገጽ ላይ አዘጋጅ ሆኜ እሠራ ነበር። የገጹን ስም አልጠራም፤ የማወራው ስለ ራሴ ጥፋት ነው።

የነዳጅ ዋጋ ጭማሪ የተሰማበት ምሽት ነበር። 4 ሰዓት ገደማ ጽሑፉ አለቀ፤ ሥዕል ግን አልነበረንም። በፍሪላንስ ለሚሠራልን ወጣት ካርቱኒስት ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ለመቼ ነው?»

«ለጠዋት 12 ሰዓት። አንተ እኮ ቶሎ ነው የምትጨርሰው።»

«ዋጋውስ?»

«እሱን አታስብ፤ እንነጋገራለን።»

ልጁ ሌሊቱን ሙሉ ሠራ። ተሳፋሪዎች በገመድ የሚጎትቱት ሚኒባስ ሣለ። ወያላው በሩ ላይ ቆሞ ከሚጎትቱት ሰዎች ሒሳብ ይቀበላል። እኔ በረዥሙ ጽፌ ያልጨረስኩትን ነገር እሱ በአንድ እይታ ጨረሰው። ጠዋት ስንለጥፈው ሰው የተቀባበለው ሥዕሉን እንጂ ጽሑፉን አልነበረም። ከሰዓት በኋላ ሌሎች ቻናሎች የእኛን ሎጎ አጥፍተው፣ የራሳቸውን ለጥፈው ሲያሰራጩት አየን። ቢሮው በንዴት ጦፈ። «ሌቦች!» ብዬ የጮህኩት እኔ ነበርኩ።

ማታ ልጁ ደወለ። «ጋሼ፣ እነሱ ያጠፉት ሎጎ እኮ የተለጠፈው የኔ ፊርማ ላይ ነው» አለኝ።

እውነቱን ነው። ሎጎው እታችኛው ጥግ ላይ ጎላ ብሎ ይቀመጥ ያልኩት እኔ ነኝ። ክፍያውንም ያገኘው ከሁለት ወር በኋላ፣ ደጋግሞ ደውሎ፣ ያውም ተቀንሶ ነው። ዛሬ ያ ልጅ የዜና ሥዕል አይሠራም። የሠርግ ጥሪ ካርድ ዲዛይን ያደርጋል። «ሙሽሮች ቀብድ ይከፍላሉ» ይላል።

ይህንን የምጽፈው የአንድ ልጅ ታሪክ ብቻ ስላልሆነ ነው። በየቀኑ የምታነቡት ትንታኔ፣ የምታዩት የዩቲዩብ ማብራሪያ፣ ስለ ኑሮ ውድነት የተሠራው አጭር አኒሜሽን፣ ሁሉም ከጀርባው ደመወዝ የሌለው፣ የሥራ ውል የሌለው፣ ብዙ ጊዜም ስሙ የማይጻፍለት ሰው አለ። ስለ ፍትሕና ስለ ሙስና በየማለዳው የምንሰብክ እኛ፣ የመጀመሪያውን ግፍ የምንሠራው ገና ፖስቱ ሳይለጠፍ ነው።

ልብስ ስናሰፋ ቀብድ እንከፍላለን። ቁም ሳጥን ስናሠራ አናጢው ቀብድ ካልተቀበለ እንጨት አይገዛም፤ እኛም አንቀየመውም። ሥዕል ስናዝ ግን «እስቲ መጀመሪያ እንየው» እንላለን። ካየነው በኋላ ካልወደድነው አንከፍልም፤ ከወደድነው ደግሞ «ስምህ ይታወቅልሃል» እንላለን። ያንኑ ስም ግን በሎጎ እንሸፍነዋለን!

«ብር የለንም» የሚለውን ሰበብ አውቀዋለሁ፤ እኔም ብዬዋለሁ። ለማስታወቂያ የምንከፍለው ብር አለ፤ ለስቱዲዮ መብራትና ለካሜራ የምናወጣው አለ። ለሥዕሉ ሲደርስ ብቻ ነው ካዝናው ባዶ የሚሆነው። ምክንያቱም ብዙዎቻችን ሥዕልን እንደ ማስዋቢያ እንጂ እንደ ሥራ አናየውም። «ለአንተ እኮ አምስት ደቂቃ ናት» እንላለን።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። በተለመደው አሠራር አንድ ሰከንድ አኒሜሽን 24 ፍሬም አለው። አኒሜተሩ አንዱን ሥዕል ለሁለት ፍሬም እየተጠቀመ ቢቆጥብ እንኳ በሰከንድ 12 ሥዕል ነው። 30 ሰከንድ ማለት 360 ሥዕል ማለት ነው። በእጅ እያንዳንዱን መሣሉ ቀርቶ በኮምፒውተር ቢያንቀሳቅሰው እንኳ ስቶሪቦርዱን ማዘጋጀት፣ የገጸ ባሕሪውን እጅና እግር እየለያየ መሥራት፣ ከንፈሩን ከድምፁ ጋር ማገጣጠም አለበት። ከዚያ ሬንደር ይጀምራል፤ ሌሊት መብራት ይጠፋል፤ እንደገና ይጀምራል። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ እኛ እንደውላለን፦ «ትንሽ ነገር ናት፤ የልጅቷን ቀሚስ ቀይርልን።»

የሚሠራበት ዕቃም ቢሆን በአብዛኛው ከውጭ የሚመጣ ነው። ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ዶላር በባንክ ከእጥፍ በላይ ጨምሯል። የሥዕል ታብሌቱም ላፕቶፑም ተወዷል። እኛ ለአንድ ሥዕል የምንከፍለው ግን ስንቶቻችን ጋ ነው የጨመረው?

ስለ ሕጉም እናውራ፤ ዝምታችን የሚጠቅመው እኛን ስለሆነ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለሥራው አመንጪ ሁለት ዓይነት መብት ይሰጣል። አንደኛው የሞራል መብት ነው፦ የሥራው ባለቤትነት በስሙ እንዲታወቅለት መጠየቅ፣ ሥራውም ክብሩን በሚነካ መንገድ እንዳይዛባ መቃወም ይችላል። ስለዚህ ፊርማ መሸፈን የአቀማመጥ ጉዳይ ነው እያልን ራሳችንን አናታልል። ሁለተኛው የኢኮኖሚ መብት ነው። እዚህ ላይ ወጣቶቹ የማያውቁት ነገር አለ፦ በትእዛዝ ለተሠራ ሥራ፣ በውል ሌላ ነገር ካልተባለ በቀር፣ አዋጁ የኢኮኖሚ መብቱን የሚሰጠው ላዘዘው ሰው ነው። «እንነጋገራለን» ብዬ ስልክ ስዘጋ ማን እንደተጠቀመ አሁን ይገባችኋል። ውል አለመጻፋችን ብዙ ጊዜ ከስንፍና ነው፤ ግን የሚያስከፍለው ሁልጊዜ ሠዓሊውን ነው።

ከገንዘቡ የባሰው ደግሞ አደጋው ነው። ካርቱን አስተያየት ነው፤ አስተያየት ደግሞ ሰው ያስቆጣል። ሥዕሉ ሲወደድ «የእኛ ሥራ» ነው፤ ቁጣ ሲመጣ «የካርቱኒስቱ የግል አመለካከት» ይሆናል። ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም። በሚያዝያ 2019 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ታይምስ በዓለም አቀፍ እትሙ ላይ ፀረ አይሁድ ነው የተባለ ካርቱን አወጣ። ካርቱኑ የፖርቱጋላዊ ሠዓሊ ሲሆን፣ ከአከፋፋይ ድርጅት ወስዶ ያሳተመው የጋዜጣው አዘጋጅ ነበር። ጋዜጣው ይቅርታ ጠየቀ፤ ከሐምሌ 1 ቀን 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ በዚያ እትም ላይ ዕለታዊ የፖለቲካ ካርቱን ማውጣቱን ጨርሶ አቆመ። ቦታቸውን ያጡት ለእትሙ በቋሚነት ይሥሉ የነበሩት ፓትሪክ ሻፓትና ሄንግ ኪም ሶንግ ናቸው፤ በዚያ ካርቱን እጃቸው አልነበረበትም። አዘጋጅ ተሳሳተ፣ ሠዓሊ ከፈለ። እንዲያ ባለ ትልቅ ቤት እንዲህ ከሆነ፣ ውል እንኳ በሌለው የእኛ መንደር ምን እንደሚሆን ገምቱ።

«አሁን እኮ ኤአይ አለ፤ በነፃ ይሠራልናል» የሚለኝ አይጠፋም። መሣሪያውን አትንኩ አልልም። ግን ሦስት ነገር አስቡ። ኤአይ የሚሠራው ሰዎች ከሣሏቸው እጅግ ብዙ ሥዕሎች ተምሮ ነው፤ ከእነዚያ ሠዓሊዎች ብዙዎቹ አልተጠየቁም፣ አልተከፈላቸውም። ሁለተኛ፣ ፎቶ የሚመስል የኤአይ ምስል በዜና ላይ ለጥፎ ምን እንደሆነ አለመናገር አንባቢን ማታለል ነው። ሦስተኛ፣ ወያላው ከሚጎትቱት ሰዎች ሒሳብ ሲቀበል ያየው፣ ታክሲ ተሰልፎ ያመሸ ሰው ነው። ያ ልጅ የሸጠልን መሥመርና ቀለም ብቻ አልነበረም፤ ያየውን ነው የሸጠልን። ኤአይ የምናዘውን ይሠራል፤ «ጋሼ፣ ይሄ ሐሳብ ልክ አይደለም» ብሎ ግን አይከራከረንም።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ ከሠዓሊዎቹ ወገንም ጥፋት አለ። ቀነ ገደብ የሚያሳልፍ፣ ስልክ የሚያጠፋ፣ ከኢንተርኔት ያገኘውን የሌላ ሰው ሥዕል ቀለም ቀይሮ የሚሸጥ አጋጥሞኛል። ጓደኛው በጠየቀው ዋጋ ግማሽ እሠራለሁ የሚልም አለ፤ እንዲህ ዓይነቱ ገበያውን ለሁሉም ይሰብራል። ግን ውል የሚያስፈልገው እኮ ለዚህም ነው። ውል ካለ እነሱንም መጠየቅ እንችላለን።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ዋጋው፣ የማስረከቢያው ቀን፣ ስንት ጊዜ እርማት እንደሚደረግና ሥዕሉ የት የት እንደሚወጣ በጽሑፍ ይቀመጥ፤ በቴሌግራም የተላከ አራት መሥመር እንኳ ከባዶ ይሻላል። ግማሹ ክፍያ ቀብድ ይሁን። ረቂቁ ከቀረበ በኋላ ሐሳባችንን ብንቀይር የሠራበትን እንክፈለው። ስሙ ይጻፍ። ካርቱኑ ቁጣ ካመጣ ደግሞ ያዘዝነውና ያሳለፍነው እኛ ነንና ከፊት እንቁም።

እናንተ ወጣት ሠዓሊዎችም «እንነጋገራለን» የሚላችሁን አዘጋጅ «አሁን እንነጋገር» በሉት። ከተቆጣ ባይከፍላችሁ ኖሮ የምታውቁትን ቀድማችሁ አወቃችሁ ማለት ነው።

በቅርቡ ለዚያ ልጅ ደውዬ ይቅርታ ጠየቅሁት። ሳቀና «ጋሼ፣ ይቅርታውን ተቀብያለሁ። ፖስቱ ግን አሁንም እዚያው ነው» አለኝ።

ሄጄ አየሁት፤ እውነቱን ነው። ሚኒባሱ አለ፣ ገመዱ አለ፣ ሎጎውም እንዳለ ነው። እኔ ከዚያ ገጽ ከወጣሁ ቆይቻለሁና ላስተካክለው አልችልም። እናንተ ግን ቻናላችሁ በእጃችሁ ነው፤ ቴሌግራምም የቆየ ፖስት ማስተካከል ይፈቅዳል። ዛሬ ማታ ወደ ኋላ ተመለሱና ሥዕሎቹን እዩ። የሠራውን ሰው የምታውቁ ከሆነ ስሙን ጻፉ። የማታውቁት ከሆነም ለምን እንደማታውቁት ራሳችሁን ጠይቁ።