የጀርመን ወጣቶች ለምን ወደ ቀኝ አዘነበሉ?



በአውሮፓ ቀኝ ዘመም ፓርቲዎች ምርጫ ባሸነፉ ቁጥር በየዶርሙ የምንሰማው ትንታኔ አንድ ነው፦ «ሙስሊም ስለሚጠሉ ነው።» መሠረት የለውም አልልም። «አማራጭ ለጀርመን» የተባለው ፓርቲ እ.ኤ.አ. በ2016 ባጸደቀው ፕሮግራም እስልምና የጀርመን አካል አይደለም ብሏል፤ ሚናራንና አዛንንም ይቃወማል። ይህ ግን የፓርቲውን አቋም እንጂ አንድ የ20 ዓመት ወጣት ለምን እንደመረጠው አይነግረንም።

እ.ኤ.አ. በ2021 በተካሄደው የጀርመን ምርጫ ከ18 እስከ 24 ዓመት ያሉት ወጣቶች ከሁሉ አብልጠው የመረጡት አረንጓዴዎቹንና ነፃ ዴሞክራቶቹን ነበር። በሴፕቴምበር 2024 በምሥራቃዊቷ የቱሪንገን ክፍለ ግዛት በዚሁ ዕድሜ ካሉት 38 በመቶ ያህሉ «አማራጭ ለጀርመን»ን መረጡ። በፌብሩዋሪ 2025 አገር አቀፍ ምርጫ ደግሞ ፓርቲው ከወጣቶቹ ድምፅ 21 በመቶ ሲያገኝ፣ በ25 በመቶ የበለጠው የግራው ፓርቲ ዲ ሊንከ ሆነ። ሥር የሰደደ ጥላቻ በአራት ዓመት እንዲህ ወዲያና ወዲህ አይልም። እኔ የማየው አድራሻ የሚፈልግ ብሶት ነው።

ብሶቱ ከየት መጣ? ትምህርታቸው በኮሮና ተዘጋ፤ ቀጥሎ የዩክሬን ጦርነት የኑሮ ውድነትን አባባሰ፤ የቤት ኪራይ ሰማይ ነካ። የመረጧቸው ፓርቲዎች መንግሥት ውስጥ ገብተው ሲጨቃጨቁ ከረሙና ጥምረቱ በኖቬምበር 2024 ፈረሰ። ሌሎቹ ቲክቶክን እንደ ልጆች ጨዋታ ሲንቁት ቀኙ ቀድሞ ገባበት። የፓርቲው ፖለቲከኛ ማክሲሚሊያን ክራህ በአጫጭር ቪዲዮዎቹ ስለ ስደተኛ ብቻ አልነበረም የሚያወራው፤ የፍቅር ጓደኛ ላጣ ወጣት ወንድ ምክር ይሰጥ ነበር፣ እውነተኛ ወንድ ቀኝ ነው እያለ። ብቸኛ ልጅ የሚያናግረውን ይሰማል። በ2025ም ከወጣት ወንዶች ቀኙ ብዙ ድምፅ ሲያገኝ ሴቶቹ ወደ ግራው ሄዱ። ዲ ሊንከም ቢሆን ያሸነፈው እዚያው ቲክቶክ ላይ ስለ ኪራይ እያወራ ነው።

ይህን የምጽፈው ጥፋቱን ለማቅለል አይደለም። በኪራይ ተማሮ የተሰጠ ድምፅም ሆነ በጥላቻ የተሰጠ ድምፅ ሳጥን ውስጥ ከገባ በኋላ አንድ ነው፤ ፍራንክፈርት ለምትኖር ሒጃብ ለባሽ እህታችን ልዩነቱ አይታያትም። ቢሆንም በሱረቱል ማኢዳህ ለሰዎች ያለን ጥላቻ ከፍትሕ እንዳያወጣን ታዘናል፤ ስለ ጠላን ሰው እውነቱን መናገርም የፍትሕ አካል ነው።

የጀርመን መስጂዶች በየዓመቱ ኦክቶበር 3 በራቸውን ለጎረቤት ይከፍታሉ። መልካም ልማድ ነው፤ ግን የሚመጣው አብዛኛው እንግዳ ድሮም የማይጠላን ይመስለኛል። ፓርቲው ይበልጥ የጠነከረው ደግሞ ሙስሊም እምብዛም በማይኖርባቸው የምሥራቅ ክፍለ ግዛቶች ነው። የቱሪንገን የገጠር ልጅ የሚያንኳኳው የመስጂድ በር አጠገቡ የለም። ስለ እኛ የሚያውቀውን አብዛኛውን ያገኘው ከስልኩ ነው፤ የእሱን ቋንቋ የሚናገር፣ እንደ እሱ በኪራይ የተማረረ የእኩያው ሙስሊም ወጣት ሊያገኘው የሚችለውም እዚያው ነው።