ከመኪናው በፊት ዊልቸሩ

የመጀመሪያ መኪናውን ሊገዛ የተነሣ ወጣት አዲስ አበባ ውስጥ መካሪ አያጣም። አጎት «ቶዮታ ካልሆነ እንዳትነካ» ይላል፤ የሥራ ባልደረባ መለዋወጫው በየሱቁ የሚገኘውን ምረጥ ይላል፤ ደላላው ደግሞ ነገ ሲሸጥ የማያከስረው የትኛው እንደሆነ ይዘረዝራል። መኪና እንደ ቤት ጥሪት በሆነበት ከተማ ይህ ምክር ከሜዳ የመጣ አይደለም፤ ለአብዛኛው ገዢም ይሠራል። ገዢዋ በዊልቸር የምትንቀሳቀስ ወጣት ስትሆን ግን ከመነሻው ይስታል። ለእሷ ከመኪናው ስምም ከዋጋውም የሚቀድም ጥያቄ አለ፦ ማንንም ሳትጠራ ገብታ፣ ዊልቸሯን ጭና፣ ነድታ ደርሳ፣ ዊልቸሯን አውርዳ መውጣት ትችላለች ወይ? መልሱ «አዎ» ያልሆነበት መኪና፣ ገበያው የቱንም ያህል ቢወደው፣ ሊብሬው በስሟ ቢሆንም የሌላ ሰው መኪና ነው ብዬ አምናለሁ። መልሱ የሚገኘውም መኪናውን በማየት ብቻ አይደለም፤ አሁን ከተቀመጠችበት ዊልቸር በመነሣት ነው።

እግሯ የማይታዘዝላት፣ እጇና ትከሻዋ ግን ጤናማ የሆነ ሾፌር እንዴት ወደ መቀመጫዋ እንደምትገባ በዝርዝር ማየት ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። በሩን እስከ መጨረሻው ትከፍትና ዊልቸሩን ወደ መቀመጫው አስጠግታ፣ ትንሽ ሰያፍ አድርጋ፣ ፍሬኑን ትይዛለች። አንድ እጇን መኪናው መቀመጫ ላይ፣ ሌላውን ዊልቸሩ ላይ ተክላ ሰውነቷን በክንዷ አንሥታ ትሻገራለች፤ ከዚያ እግሮቿን አንድ በአንድ በእጇ ታስገባለች። ይህ የሥራው ግማሽ ነው፤ ዊልቸሩ ገና ውጭ ቆሟል። ቀላሉ የአሉሚኒየም ዊልቸር ከሆነ፣ ትልልቆቹ ጎማዎች መሐላቸው ላይ ያለችውን ቁልፍ ሲጫኗት ይወልቃሉ። ጎማዎቹን ከኋላ ወንበር ላይ ታደርጋለች፤ ትራሱን ታነሣለች፤ የቀረውን አካል በደረቷና በመሪው መሐል አሳልፋ ጎኗ ባለው መቀመጫ ላይ ታሳርፈዋለች። እንዲህ ያለው ዊልቸር 10 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። በአገራችን በእርዳታ የሚታደለውና በየሆስፒታሉ ኮሪደር የምናየው የብረት ዊልቸር ግን ከ18 እስከ 20 ኪሎ ይደርሳል፤ ጎማውም አብዛኛውን ጊዜ በብሎን የታሰረ ነው። ተቀምጦ፣ ወገብን በቅጡ ማዘዝ ሳይቻል፣ ያን ብረት በጭን ላይ አሻግሮ በቀን አራት ጊዜ ማንሣትና ማውረድ ከብዙ ሰው አቅም በላይ ነው።

ስለዚህ ለመኪና ገንዘብ ያጠራቀመ ቤተሰብ ከዚያው ላይ ቀንሶ አስቀድሞ ለልጁ ሰውነት የተለካ ቀላል ዊልቸር ቢገዛ፣ የመኪናው ምርጫ ራሱ ይለወጣል። ከባዱን ዊልቸር ይዞ ገበያ የወጣ ሰው ትልቅ ፖርታባጋሊዮ ያለው መኪና ይፈልጋል፤ ፖርታባጋሊዮ ውስጥ የተጫነ ዊልቸር ደግሞ ሁልጊዜ የሚያወርደው ሁለተኛ ሰው ይጠብቃል። ዊልቸሩ ሲቀል ትንሿ መኪናም ትበቃለች። ቀላሉ ዊልቸር በኮብልስቶንና በጠጠር ላይ አይቆይም፣ ቢሰበርም የሚጠግነው አይገኝም የሚል ክርክር ይነሣል። ስጋቱ ተገቢ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው የዊልቸር አቅርቦት መመሪያም ተስማሚ ዊልቸር የሚለው ለተጠቃሚው ሰውነት የተለካውን ብቻ ሳይሆን፣ ለሚኖርበት አካባቢ የሚሆነውንና በአገሩ ሊጠገን የሚችለውን ነው። መፍትሔው ግን ወደ ከባዱ ብረት መመለስ አይደለም፤ ከመግዛት በፊት የጎማው፣ የከመነዳሪው፣ የኩሽኔታው ልክ እዚህ ገበያ ውስጥ የሚገኝ መሆኑን ማጣራት ነው። ለመኪናው መለዋወጫ የምንጨነቀውን ያህል ለዊልቸሩ መለዋወጫ የማንጨነቅበት ምክንያት አይታየኝም።

ከዚህ በኋላ የመኪናው ቁመት ይመጣል። ትራስ ያለበት ዊልቸር መቀመጫ ከመሬት 50 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። የመኪናው መቀመጫ ለዚያ የተቀራረበ ከሆነ ሰውነት በአግድም ይሻገራል፤ እንደ ቪትዝና ያሪስ ያሉት ትንንሽ መኪኖች ለብዙ ሰው የሚመቹት በዚህ ነው። ከፍ ያለ የመስክ መኪና ሲሆን ግን ተጨማሪውን ከፍታ የሚወጣው ትከሻ ብቻ ነው። የጀርባ አጥንት ጉዳት ያለባቸው ሰዎች ዘንድ የትከሻ ሕመም በጣም የተለመደ መሆኑን ሐኪሞች ያውቁታል፤ ትከሻ ለእነርሱ ክንድም እግርም ነውና። በሃያ ዓመት ዕድሜ ሳይሰማ የሚያልፈው ልፋት በአርባ ዓመት ዊልቸሩን መግፋት እስከማያስችል ሊያደርስ ይችላል። «መንገዳችን መጥፎ ስለሆነ ከፍ ያለ መኪና ያስፈልጋል» የሚለው ምክር ትክክለኛ ችግር ያያል፤ ነገር ግን አንዱን ችግር በትከሻ ዋጋ ይፈታል። በየሳምንቱ ገጠር የምትወጣ ከሆነ ሌላ ሒሳብ ነው። ከቤት ሥራ ቦታ፣ ከሥራ ቦታ ገበያ ለምትመላለስ ሰው ግን ጉድጓዱን ቀስ ብሎ ማለፍ በየቀኑ ተራራ ከመውጣት ይሻላል።

በሩም ይለካል። ምን ያህል እንደሚከፈት፣ በሩ ሲከፈት ዊልቸሩ ከመቀመጫው ጎን የሚቆምበት ቦታ መኖሩ፣ መሪው ወደ ላይ ተነሥቶ ዊልቸሩን የሚያሳልፍ መሆኑ በሜትር የሚታይ ነገር ነው። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ግን የቀኙ በር ነው። እኛ አገር መኪና ቀኝ ይዞ ይሄዳል፤ መንገድ ዳር ሲቆም የሾፌሩ በር የሚከፈተው መኪና በሚተላለፍበት በኩል ነው። በራሷ እግር ለምትቆም ሾፌር ይህ ሁለት ሰከንድ ነው። በሩን ከፍታ ዊልቸር ለምትገጣጥም ሾፌር ግን በመኪናና በሚኒባስ መሐል የሚያልፉ ረጅም ደቂቃዎች ናቸው። በሁለቱ የፊት መቀመጫዎች መሐል ከፍ ያለ ሣጥን የሌለበት መኪና ከሆነ፣ በእግረኛው መንገድ በኩል፣ በቀኝ በር ገብቶ ወደ መሪው መንሸራተት ይቻላል። የአዳዲስ መኪኖች መሐል በኩባያ መያዣና በስልክ ማስቀመጫ እየተሞላ ሲሄድ ይህ መንገድ እየተዘጋ ነው። ሻጭ ስለ ስክሪኑ ስፋት ሲያስረዳ፣ ገዢዋ ስለዚህ ሣጥን ከፍታ ልትጠይቅ ይገባል።

ማሽከርከሩ ራሱ ሰው እንደሚያስበው ውስብስብ አይደለም። መኪናው አውቶማቲክ መሆን አለበት፤ ፍሪሲዮንና ካምቢዮ ከዚህ ሒሳብ ወጥተዋል። ከመሪው ሥር የሚታሰር አንድ ዘንግ ወደፊት ሲገፉት ፍሬን ይይዛል፣ ወደ ራስ ሲስቡት ነዳጅ ይሰጣል፤ መሪው ላይ ደግሞ በአንድ እጅ ለማዞር የምትረዳ መጨበጫ ትገጠማለች። «በእጅ መንዳት አደጋ አለው» ለሚሉ ሰዎች የብሪታንያን ምሳሌ ማየት ይጠቅማል። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1977 የተቋቋመው ሞታቢሊቲ የተባለ ድርጅት ዛሬ ከ600 ሺሕ በላይ ደንበኞች ያሉት ሲሆን፣ የእጅ መቆጣጠሪያን ከመኪናው ኪራይ ጋር አብሮ ያስገጥማል። እዚያ የተለመደ ዕቃ ነው። እዚህም ቢሆን የእጅ ሥራ ችሎታ አልጠፋም። ለእኛ ገበያ ሲባል መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ የዞረ ቪትዞች በየመንገዱ እየሄዱ ነው። ገበያው ለትራፊክ ሕግ ብሎ ዳሽቦርድ አስፈትቶ መሪ ካዞረ፣ ለአንዲት ሾፌር ዘንግ መግጠም እንዴት ይከብዳል? አንድ ነገር ላይ ግን አልደራደርም፤ ፍሬን የሚይዝ ዘንግ በጋራዥ ብየዳ ተሠርቶ የሚሞከርበት ነገር አይደለም። ለዚሁ ተብሎ የተሠራው ዕቃ ከውጭ መጥቶ በሚያውቀው ሰው ይገጠም። ወጪው ከመኪናው ዋጋ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው፤ ስለዚህ ከበጀቱ መጨረሻ ሳይሆን ከመጀመሪያው መያዝ አለበት።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከከለከለ በኋላ ምርጫው በአገር ውስጥ ባሉት ያገለገሉ የነዳጅ መኪኖችና በአዲሶቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች መሐል ሆኗል። የኤሌክትሪኩ መኪና ለዚህች ገዢ የሚሰጠው ጥቅም ቀላል አይደለም። ማርሽ የለውም። የፍጥነት መስጫው ሲለቀቅ መኪናው ራሱ ፍጥነቱን ስለሚቀንስ ፍሬኑ በእጅ የሚገፋበት ጊዜ ይቀንሳል። ግቢዋ ውስጥ ሶኬት ካላት ደግሞ ከማደያ ሰልፍ ትገላገላለች። ሶኬቱ ግን ለሁሉም አይደርስም፤ የጋራ መኖሪያ ቤት ነዋሪ መኪናውን የሚያቆመው ከቤቱ ቆጣሪ ርቆ ነው። ባትሪው ወለሉ ሥር ስለሚተኛም ወለሉና የበሩ ደፍ ከፍ ይላል፤ መቀመጫውም አብሮ ሊነሣ ይችላል፤ ስለዚህ የቁመቱ ልኬት እዚህ ላይ ይበልጥ ያስፈልጋል። ሌላም ጥንቃቄ አለ፦ የሚሞቅ መቀመጫ። ከወገብ በታች ስሜት የሌለው ሰው ሙቀቱ ሲበዛ አይሰማውም፤ ቆዳው ሊቃጠል ይችላል። ያ ቁልፍ እንዳይነካ ሆኖ መዘጋት አለበት።

ወደ ደላላው ክርክር ልመለስ፤ ከሁሉ የሚበረታው እሱ ነውና። የመሸጫ ዋጋ ጉዳይ ነው፤ ለደሃ ቤተሰብ የመኪና ክስረት መሸከም ቀላል አይደለም። ሆኖም አካል ጉዳተኞች በመመሪያ በተፈቀደው መሠረት መኪና ከቀረጥ ነፃ ሲያስገቡ ይህ ክርክር ጉልበት ያጣል። ከቀረጥ ነፃ የገባ ዕቃ ቀረጡ ሳይከፈል መብቱ ለሌለው ሰው አይተላለፍም። ይህች ገዢ መኪናዋን እንደ ማንኛውም ሰው ገዝታ በዓመቱ መሸጥ ካልቻለች፣ ሊሸጥ የሚችልበትን ዋጋ የምርጫዋ መሪ ማድረግ ትርጉም የለውም። እንዲያውም በተቃራኒው ያስኬዳል፤ በቀላሉ የማይቀየር ነገር ሲገዛ ልኩን አስቀድሞ ማወቅ ግድ ይሆናል። ካዛንቺስም ሆነ መገናኛ የቆመ ተመሳሳይ ሞዴል ፈልጎ፣ ባለቤቱን አስፈቅዶ፣ በራስ ዊልቸር ገብቶ መውጣት ከማንኛውም የሻጭ ማስታወቂያ የበለጠ ያስረዳል። ኢትዮጵያዊ ለእንዲህ ዓይነቱ ልመና እምቢ አይልም።

ከገንዘቡ ይልቅ ልብ የሚነካው ግን የቤተሰብ ቃል ነው። «እኛ እያለን ለምን ትለፊያለሽ? ወንድምሽ ይነዳልሻል።» ይህ ፍቅር ነው፤ በፍቅርነቱም ሊከበር ይገባል። ነገር ግን ወንድም ሥራ አለው፤ ነገ ትዳር ይይዛል፤ ሲደክመውም መኝታ ያስፈልገዋል። እሷ ደግሞ ከሥራ የምትወጣበት ሰዓት፣ ከጓደኞቿ ጋር የምታመሽበት ምሽት፣ ለማንም ሳትነግር ሐኪም ቤት የምትሄድበት ቀን አላት። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ20ኛው አንቀጹ መንግሥታት ሰዎች በተቻለ መጠን ራሳቸውን ችለው እንዲንቀሳቀሱ ማድረግ እንዳለባቸው ይደነግጋል። ወንድም የሚነዳው መኪና ከቤት ያወጣታል፤ ሰዓቷን ግን የእሷ አያደርገውም።

ይህ ሁሉ የጥቂት ባለገንዘቦች ጨዋታ ነው የሚል ሰው ይኖራል፤ በከፊል ልክ ነው። በዊልቸር የሚንቀሳቀሰው አብዛኛው ኢትዮጵያዊ መኪና አይገዛም፤ ለእሱ የሚያስፈልገው የሚያስገባው አውቶቡስ ነው። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ከመሬት ከፍ ያሉ ጣቢያዎች አሉት፤ አሳንሰሩ በማይሠራበት ጣቢያ ዊልቸር ያለው ሰው ደረጃው ሥር ይቀራል። ሚኒባስ ታክሲ ላይም ዊልቸሩን ለማስጫን ተጨማሪ ሒሳብ የሚጠየቅበት ጊዜ ብዙ ነው። እነዚህ ይስተካከሉ ማለትና ስለ መኪና መነጋገር ግን እርስ በርስ አይጣሉም። አውቶቡሱ እስኪስተካከል ሥራ ያገኘችው ወጣት ጠዋት ሥራ ቦታዋ መድረስ አለባት።

መስፈርቴ የማይሠራላቸው ሰዎች አሉ፤ ይህን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ክንዳቸው የማይነሣ፣ በባትሪ በሚሄድ ከባድ ዊልቸር የሚንቀሳቀሱ ወጣቶች ወደ መኪና መቀመጫ መሻገር አይችሉም። ለእነርሱ የተሠራው መኪና ወለሉ ወደታች ተቆርጦ ዝቅ የተደረገ፣ በተንሸራታች መወጣጫ ከነዊልቸር የሚገባበት ቫን ነው። ወለሉ ሥር ባትሪ በተኛበት የኤሌክትሪክ መኪና ላይ ይህን መሥራት እጅግ ያስቸግራል፤ እስካሁን በብዛት የሚሠራው በነዳጅ ቫኖች ላይ ነው። ስለዚህ የነዳጅ መኪና ክልከላው እነዚህን ቫኖች በስም ጠቅሶ፣ ማንም የቢሮ ኃላፊ በራሱ ስሜት የማይተረጉመው ግልጽ ፈቃድ ሊያስቀምጥላቸው ይገባል። የእጅ መቆጣጠሪያውም ብቻውን ተገዝቶ ሲመጣ እንደ ተራ የመኪና መለዋወጫ ሳይሆን እንደ ዊልቸሩ ያለ የአካል ድጋፍ መሣሪያ ሆኖ ከቀረጥ ነፃ ይግባ። መንጃ ፈቃድ የሚያሠለጥኑ ተቋማትም በየከተማው ቢያንስ አንድ እንዲህ የተዘጋጀ አውቶማቲክ መኪና ይኑራቸው፤ አለበለዚያ መኪናው ተገዝቶ ግቢ ውስጥ ቆሞ፣ ባለቤቱ የምትማርበት መኪና ስትፈልግ ትከርማለች።